ሳቲን አጣቢዋ ኡሙሃኒ

ቆቦ ውስጥ ልብስ አጣቢ ሞልቶ ነበር፤ ሳቲን የሚደፍር ግን ከኡሙሃኒ በቀር አልነበረም። ያገሩ ሰው የሚያውቀው የጥጥ ልብስ ነው። ነጠላውን በእንዶድ ይዘፈዝፋል፣ እድፉ ሲብስበት በፈላ ውሃ ይቀቅላል፣ ድንጋይ ላይ እየደበደበ ያነጣዋል። ጥጥ ይህን ሁሉ ይችላል። ሳቲን ግን ቅምጥል ነው፤ እንዶድ ካየ ፊቱ ይሞታል፣ ከጠመዘዙት ተጨማዶ ይቀራል። ኡሙሃኒ «ይኸ ጨርቅ እንደ አማት ነው፤ ሳይነኩ ነው የሚያገለግሉት» ትል ነበር።

ሙያውን ያገኘችው ደሴ ነው። በልጅነቷ አንድ የመናዊ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ተቀጥራ ሳለ፣ የነጋዴው ሚስት ጥፊ ከምክር እየቀላቀለች አስተማረቻት። ቅቤ የነካው ሳቲን የሽንብራ ዱቄት ተነስንሶበት ያድራል። ላብ የበላው በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና፣ ሳይፈተግ ይታጠባል። ሲደርቅ ጥላ ውስጥ፣ ሲተኮስ ከጀርባው። ደም ከሆነ ደግሞ መቸኮል ነው፤ የቀዘቀዘ የእንስራ ውሃና ጨው ይዞ፣ ከሥር ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ፣ ቀስ እያሉ መጫን። «የሞቀ ውሃ ያየ ደም እንደ ጉበት ይበስላል» ትላት ነበር ሴትየዋ። «ከዚያ ወዲያ ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ ደሙ አይለቅም።»

ባሏን ወባ ከወሰደባት በኋላ ወደ ትውልድ አገሯ ቆቦ ተመልሳ፣ በዚህ ሙያ አንድ ልጇን ሸረፈዲንን አሳደገች። ምላሷ ግን እንደ እጇ ለስላሳ አልነበረም። ያቆሸሸውን ሰው ሳትሰድብ ልብሱን አትቀበልም። «ጡት ያልጣልህ ሕፃን ነህ ወይ? አፍህ የት እንዳለ አታውቅም?» ትለዋለች፣ ባለጠጋም ቢሆን። ሰዉም እየሳቀ ይሰደብላታል፤ ሌላ ሳቲን አጣቢ ከየት ያመጣል!

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ግን የሚስቅ ሰው ጠፋ። ማሽላው ሁለት ዓመት ተከታትሎ እሸት ሳይሆን አገዳው ላይ ደረቀ። ከሮቢትም ከዋጃም ወገን ሰው እየጎረፈ መጥቶ አውራ ጎዳናው ዳር ተቀመጠ፤ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጁን ይዘረጋል። ሲመሽ የነበሩት ሲነጋ አይኖሩም። በዚህ ጊዜ ሳቲን ማን ይለብሳል ቢሉ፣ ግራዝማች ጋሹ ቤት ይለበሳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው ሦስት ጎተራ ማሽላ ሞልቶ ዋጋው እስኪሰቀል ይጠበቃል። አንቱ የምላቸው ለማዕረጉ ብዬ ነው። ጭሰኞቻቸው ምርት ባያገቡም ግብሩን በበሬ ይከፍሏቸዋል። ኡሙሃኒ ይህን እያወቀች ታጥብላቸዋለች፤ ሃያ ዓመት የሞላው ሸረፈዲንም ውሃ ይቀዳላቸዋል። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ የተራበ ሰው ወዴት ይሄዳል!

ጥር ላይ ግራዝማች ልጃቸውን ወይንሸትን ዳሩ። ከአጥሩ ውጭ ሰው በረሃብ እየወደቀ፣ ከአጥሩ ውስጥ ለክርስቲያኑ አንድ ዳስ፣ ለእስላሙ አንድ ዳስ ተጥሎ ሰንጋ ይጣላል። ማፈር ለድሃ ብቻ የተሰጠ ነገር ነው መሰል። የሙሽራዋ ቀሚስ ከአሥመራ የመጣ ነጭ ሳቲን ነበር። ኡሙሃኒ ማለዳ መጥታ ከጀርባው በከሰል ካውያ ስትተኩሰው አረፈደች። ከዚያ ወይንሸት ለበሰችውና እልፍኙ ውስጥ፣ በቤተ ዘመድ መሃል፣ የአባቷን ጉልበት ልትስም ተንበረከከች።

ይህን ጊዜ አስፋው በጓሮ በር ገባ። አስፋው የግራዝማች ጭሰኛ ነው፤ ወይንሸትን በልጅነቷ በቅሎ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያመላልሳት የነበረ ሰው። ጉንጩ ሰርጉዷል፣ እግሩ አብጧል። በሁለት እጁ ገና ደም የሚያንጠባጥብ የበሬ ቆዳ ይዟል።

«ይኸ ዳለቻ የኔ በሬ ነው» አለ። «ለግብር ሲወስዱብኝ ለእርሻ ነው ብለውኝ ነበር። ትናንት ሁለቱ ልጆቼ ሞቱ፣ ግራዝማች። የበሬየን ሥጋ ለሰርገኛ ሲቆርጡ፣ ለኔ አንድ ቁና ማሽላ ነፈጉኝ!»

ግራዝማች ከማለዳ ጀምረው ጠጅ ሲጠጡ ነበር። ጠመንጃቸውን ከግድግዳው መንጭቀው በሰደፉ አናቱን አሉት። አስፋው ቆዳውን እንደያዘ በጉልበቱ ወረደ። ደገሙት። በሦስተኛው አጥንት ሲሰበር ተሰማ፤ ደሙም ከፊታቸው ተንበርክካ በነበረችው ልጃቸው ደረትና እጅጌ ላይ ተረጨ።  በር ላይ ቆሞ የነበረው ሸረፈዲን ባልዲውን ጥሎ፣ ዘሎ ጠመንጃውን ያዘ። ሦስት ዘበኞች ተረባርበው ጣሉት፤ አፉን በጫማ ረግጠው አሰሩትና ወደ ጋጣ ጎተቱት።

ከዳሱ የሚመጣው ከበሮ ብቻ ይሰማል። ግራዝማች ላባቸውን ጠርገው ቤተ ዘመዱን አንድ በአንድ አዩ።

«ሁላችሁም ስሙ» አሉ። «እነዚህ ሁለቱ ጎተራ ሰብረው ገብተው በማሽላ ተጣሉ። ይኸ የኡሙሃኒ ልጅ አስፋውን ገደለው። ሬሳውን ከጎተራ ነው ያወጣነው።»

ቤተ ዘመዱ አንገቱን ደፋ። መድፋት የለመደ አንገት ነው። ግራዝማች ካውያውን እንደያዘች ወደ ደረቀችው ኡሙሃኒ ዞሩ።

«የእናት ምስክር አይሰማም፤ አትድከሚ» አሏት። «ይልቅ ይህን ቀሚስ አጽጅልኝ። ሙሽራው በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። ነጥብ ታህል ካልቀረበት ልጅሽን በጓሮ አሾልከዋለሁ፤ ገዳዩ አመለጠ እላለሁ። ካልጸዳ ግን ለአስፋው ወንድሞች ነው የምሰጠው። እነሱ ምን እንደሚያረጉት አንች ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ራያ ውስጥ በሬውን የሸጠ ሰው ጠመንጃውን አይሸጥም፤ የወንድሙን ደም የተወ ሰው ደግሞ ከሰው ጋር ማዕድ አይቆርስም።

«እሽ ጌታየ» አለች። በሕይወቷ ሳትሳደብ የተቀበለችው እድፍ ይህ ብቻ ነበር።

ከእልፍኙ ጀርባ ያለችው ጓዳ ገብታ ሳፋ ፊት ተቀመጠች። ወይንሸት ቀሚሱን አውልቃ፣ ነጠላ ተከናንባ አጠገቧ ቆመች። አንዲት አክስት ልታግዝ ብላ የተወቀጠ እንዶድና የፈላ ውሃ ይዛ መጣች። ኡሙሃኒ በክርኗ ገፋቻት።

«ሳቲን ነው እንጂ ጋቢ አይደለም! የፈላ ውሃ ከነካው ደሙ በስሎ ይቀራል። ውጭልኝ!»

አክስትየዋ እያጉረመረመች ድስቷን ይዛ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ኡሙሃኒ ከእንስራው ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳች፣ ጨው በተነችበት፣ ከእጅጌው ሥር ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋችና በጣቶቿ ጫፍ መጫን ጀመረች። ቀዩ ደበዘዘ። ጨርቁን ለወጠች፤ እንደገና ጫነች። ከጋጣ በኩል ዱላ ሲያርፍ፣ ሸረፈዲን ሲያቃስት ይሰማታል። በያንዳንዱ ዱላ እጇ እንዳይፈጥን ትታገላለች፤ ሳቲን ከቸኮሉበት ይበላሻል። «ያ ረቢ፣ እጄን አጽናልኝ» ትላለች በልቧ። ልጇ የተንጠለጠለው በዚያች ጨርቅ ላይ ነው።

እጅጌው ጸድቶ፣ ደረቱን ገና ስትጀምር ነው የግራዝማች ድምፅ ከግድግዳው ማዶ የመጣው። ዘበኛቸውን ነበር የሚያዙት።

«የአስፋው ወንድሞች አውራ ጎዳናው ዳር ናቸው አሉ። ሂድና ገዳዩን አስሬላችኋለሁ፣ ኑና ደማችሁን መልሱ በላቸው።»

«ቀሚሱ ከጸዳ ይለቀቃል ያሉት ልጅስ?»

«ሞኝ ነህ? ለቅቄው ነገ ባገሩ ሁሉ ሊያወራብኝ ነው?»

ኡሙሃኒ እጇን ከውሃው አወጣች። በእሳቸው ብቻ ሳይሆን በራሷም ተናደደች። ስንት ዓመት የዚህን ሰው እድፍ ስትሸፍን ኖራለች! ልጇ ከዚህ ደም በቀር ምስክር የለውም፤ እሷ ደግሞ ምስክሩን በገዛ እጇ እያጠበች ነው።

«ወይንሸት» አለች። «ያን የፈላ ውሃ አምጭልኝ።»

ልጅቷ አየቻት። የፈላ ውሃ ደምን ምን እንደሚያደርገው አሁን ሰምታለች፤ ያባቷንም ቃል በግድግዳው በኩል ሰምታለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ሁለት ጊዜ አላስጠየቀችም። ማድ ቤት ሄዳ የሚንፈቀፈቀውን ድስት ይዛ መጣች።

ኡሙሃኒ የቀሚሱን ደረት ሳፋው ላይ ዘርግታ ግማሹን ውሃ ገለበጠችበት። ደሙ ወዲያው ጠቆረ፤ ቡናማ ሆኖ ከክሩ ጋር ተጋገረ። ሠላሳ ዓመት ስትሸሸው የኖረችውን ስሕተት ነው አውቃ የሠራችው።

እንፋሎቱ ሳይበርድ ግራዝማች ገቡ። ቀሚሱን አዩ፤ ድስቱን አዩ። ሁለት ክንዷን ጨምድደው እጆቿን በቀረው የፈላ ውሃ ውስጥ ነከሯቸው።

«ያበሰለው ይኸ እጅ ነው፤ እሱም ይብሰል!»

ኡሙሃኒ ጮኸች። ጩኸቷ ዳሱ ድረስ ዘልቆ ከበሮውን አስቆመው። ስትወራጭ በጉልበታቸው ይጫኗታል፤ ወይንሸት ያባቷን አንገት ከኋላ እየጎተተች ትለምናለች። «ሽማግሌ መጣ!» የሚል ድምፅ ከደጅ ባይሰማ ኖሮ አይተዋትም ነበር። ሲለቋት የእጇ ቆዳ ተልጦ ተንጠልጥሏል።

የመጡት፣ የአስፋው ወንድሞች ደም ሊመልሱ መነሳታቸውን የሰሙት ሼህ ሙሀመድሰይድ ነበሩ። አበጋር ናቸው፤ በዚያ አገር ደም ሲፈስ በሁለቱ ወገን መሃል ቆሞ የሚሰማና የሚያስታርቅ ሽማግሌ ማለት ነው። የአስፋው ሁለት ወንድሞች፣ አጥንታቸው የወጣ፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል። ሸረፈዲንን እንደታሰረ ከጋጣ አወጡት።

«የገደሉት ግራዝማች ናቸው» አለ በተሰበረ ጥርሱ። ማን ይመነው! ቤተ ዘመዱ ተጠየቀ፤ አንድ በአንድ «ጎተራ ውስጥ ነው የተጋደሉት» ብሎ ማለ። ታላቅየው ወንድም ጠመንጃውን አቀባበለና አፈሙዙን ሸረፈዲን ደረት ላይ አሳረፈ።

ያኔ ወይንሸት ወጣች። ውሃ የሚንጠባጠበውን ቀሚስ መልሳ ለብሳዋለች፤ ከአንገቷ እስከ ወገቧ የበሰለው ደም ይታያል። በአንድ እጇ ኡሙሃኒን ደግፋለች።

ሼሁ ቀረብ ብለው ቀሚሱን አዩ። «ልጄ፣ ሙሽራ ጎተራ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ጎተራ አልገባሁም፣ አባባ። ያባቴን ጉልበት ስስም ነው የተረጨብኝ።» ጣቷን ወደ ግራዝማች ቀሰረች። «አስፋውን የመታው አባቴ ነው።»

ግራዝማች «አብዳለች!» ብለው ጠመንጃቸውን አነሱ። ሼሁ ክንዳቸውን ዘርግተው «ስለ አላህ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ!» ሲሉ፣ የታላቅየው ወንድም ጥይት በብብታቸው ሥር አለፈ። ግራዝማች ደጃፋቸው ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ዘበኞቹ ተኮሱ፤ ታናሹ ወንድም ወደቀ። ሰርገኛው አጥር እየዘለለ ወደ ውጭ ሲሸሽ፣ ረሃብተኛው አጥሩን ጥሶ ወደ ውስጥ ገባ። ጎተራው ተሰብሮ ማሽላው ደጅ ላይ ፈሰሰ። ሰው በነጠላው፣ በእቅፉ፣ በአፉ ይዝቃል፤ ይራገጣል። አንዲት ሴት ከእግር ሥር ወድቃ ማንም ሳያያት ሞተች።

ኡሙሃኒ የተላጠ እጇን አየር ላይ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ወይንሸት ገመዱን የፈታችለት ሸረፈዲን እያነከሰ መጣ።

«እኔን ተወኝና እህሉን ዝገን!» ብላ ጮኸችበት። «አንተ ደንቆሮ፣ አንድ ስልቻ ካገኘን ክረምት እንደርሳለን!»

እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ቁጢጥ አለና አዘላት። እስከ ቤታቸው ድረስ ጀርባው ላይ ሆና ሰደበችው። አውርዷት ሲመለስ ጎተራው ተጠርጎ፣ ፖሊስ ግቢውን ከቦ ነበር።

እጇ አልሻረም። አመረቀዘ፤ ከዚያ ጣቶቿ ተያይዘው ደረቁ። ሸረፈዲን አውራ ጎዳናው ዳር ያገኘውን ጥሬ አላምጦ ያጎርሳት ነበር። ያን ቀን እህሉን ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጠግበው እንደሚያድሩ ያውቃል፤ እሷም ሳትነግረው የዋለችበት ቀን የለም። መጋቢት ላይ፣ በሞተችበት ጠዋት ብቻ አልተሳደበችም።

«ያን ቀን ስታዝለኝ» አለችው፣ «ከብጄህ ነበር?»

«አልከበድሽኝም» አላት።

እውነቱን ነበር። በዚያ ዓመት ቆቦ ውስጥ ሲያዝሉት የሚከብድ ሰው አልነበረም።