አሚን የተባለበት ቁጠባ

ልጄ መስማት እንደማትችል ያወቅነው ገና ዳዴ ስትል ነው። ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ከእሷ ጋር የምንግባባው በመጎተትና በመጠቆም ነበር። ሲርባት ቀሚሴን ይዛ ወደ ድስቱ ትወስደኛለች። ሲያማት ግን የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ሰውነቷን እየዳበስኩ ፊቷን ከማየት ሌላ መላ አልነበረኝም። ገበያ ላይ አብረውኝ በርበሬ የሚሸጡ ሴቶች “አላህ ያውቃል” እያሉ ያጽናኑኛል። አላህማ ያውቃል፤ ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ እዚሁ ቡታጅራ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንዲት ጠባብ ክፍል ተከፈተች። አስተማሪዋ ራሷ መስማት የተሳናት ወጣት ነበረች፤ በኮንትራት ተቀጥራ ከሌላ ከተማ የመጣች። ልጆቹ ጥቂት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከመስቃን ገጠር በእግራቸው ነበር የሚመጡት። ልጄ ብዙም ሳትቆይ ስም ይዛ መጣች። እነሱ እርስ በርስ የሚጠራሩት በእጅ ምልክት ነው፤ የእሷ ስም ጉንጯ ላይ ያለውን ስርጉድ በጣት መንካት ነበር። ለእኔም አወጣችልኝ፤ አፍንጫ ይዞ ማስነጠስ። የበርበሬ ሽታ ይዤ ስለምገባ ነው። ባለቤቴ የራሱን እስኪሰማ ድረስ ሲስቅብኝ ሰነበተ። የእሱ ስም ደግሞ አራቱን ጣት ከአውራ ጣት ጋር መክፈት መዝጋት፣ መክፈት መዝጋት ነበር። ወሬ የማያቆም አፍ ማለት ነው።

አፉ እውነትም አያርፍም። የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከከተማው መሰብሰቢያ አዳራሽ ፊት ለፊት ስለሆነ የማያየው የለም። አሮጌው ባነር ወርዶ ቀኑ ብቻ የተቀየረ አዲስ ባነር ሲሰቀል ያያል። የመንግሥት መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ በግ ጭኖ ሲያልፍ ያያል። ማታ መጥቶ ሁሉንም እኔ ላይ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ አምና ስለ መንግሥት ወጪ ቁጠባ ሕዝባዊ ውይይት ተጠራ ሲባል ሱቁን ቆልፎ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ።

ክርክሩ የጦፈ ነበር። አንዷ የጤና ሠራተኛ ተነስታ፣ ቁረጡ ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠው የደካማው ነው፣ አስቡበት አለች። ብዙ ሰው አጉረመረመባት። ከዚያ ባለቤቴ ተነሳ። መኪናውን፣ አበሉን፣ ባነሩን፣ ስለ ስብሰባ የሚደረገውን ስብሰባ ሳይቀር አንድ በአንድ አወረደው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መጨረሻ ላይ “ትርፍ የሆነውን ሁሉ ቁረጡ፤ አትፍሩ፤ እኛ ከጎናችሁ ነን” አለ። መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩለት። እውነቱን ነበር፤ ዛሬም እውነቱን ነው እላለሁ።

እኛ ጋ ስብሰባ እንዲሁ አይበተንም። ሽማግሌ ተነስተው ይመርቃሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። አሚን የተባለበት ነገር ደግሞ ተመልሶ አይነሳም፤ ማንሳቱ ነውር ነው። የዚያን ቀን የመረቁት ሼኽ የባለቤቴን ቃል ወሰዱና “ትርፉ ይቆረጥ፣ በረካው ይብዛ” አሉ። ሁላችንም አሚን አልን።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር ክፍሏ ተቆልፋ አገኘናት። ርዕሰ መምህሩ ዓይናችንን ማየት እያቃተው ነገሩን አስረዳን። በቁጠባው ምክንያት ተማሪ የሚያንስባቸው ክፍሎች ታጥፈዋል፤ የኮንትራት ቅጥርም ቆሟል፤ ልጆቹ ከሌሎቹ ጋር ይማሩ ተብሏል። ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ከሚያስተምር መምህር ልጄ ምን ትማር? ባነሩ ግን አሁንም ይሰቀላል። መኪናውም ቅዳሜ ቅዳሜ በሱቁ በር ያልፋል።

የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድን። ወጣቱ ኃላፊ አላመናጨቀንም፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠን። “ጋሼ፣ ያን ዕለት ትርፉን ቁረጡ ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ፤ አሚንም ተብሎበታል” አለው። ባለቤቴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ፣ ዘጋ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እጁን ይዤ አወጣሁት።

ሼኹ ቤት ሄድን። ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ወላሂ፣ እኔ ይሄን አልመረቅሁም። ግን የመረቅሁትን እኔው መልሼ ካነሳሁት፣ ነገ የተጣላ ሳስታርቅ ቃሌን ማን ያምናል?” አሉ። ተናድጄ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። አሁን ሳስበው እሳቸውም እንደኛው በገዛ ቃላቸው ተይዘው ነበር።

አስተማሪዋ ዕቃዋን ሸክፋ ስትሄድ እኔና ልጄ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሌላው ሰው የሚኒባሱ መስኮት ሲዘጋ ወሬው ያበቃል። እነሱ ግን መስታወቱ ከተዘጋ በኋላም መኪናው ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ በእጃቸው ያወሩ ነበር። ምን እንደተባባሉ ግማሹን እንኳ አልያዝኩትም።

ቤት ስንገባ ልጄ ቀጥታ ሄዳ አባቷ ፊት ቆመች። ክፍሏን ማን ቆለፋት ብላ ጠየቀችው። ባለቤቴ የሚያውቃቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ ዳቦ፣ ነይ፣ ጎበዝ፣ ደህና እደሪ። በጀትና ስብሰባ፣ ጭብጨባና ምርቃት በእነዚህ እንዴት ይነገራል? ጣቱን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ ነኝ አላት።

ሮጬ መሃላቸው ገባሁ። አይደለም፣ እሱ አይደለም አልኳት በእጄ። ታዲያ ማን አለችኝ። እጆቼን አነሳሁ፤ የምሠራው ምልክት ግን ጠፋኝ። ከእሷ የተማርኩት እዚያ ድረስ አይደርስም። ልጄ እኔን አየችኝ፤ አባቷን አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷ ካላየችን ደግሞ እኛ ልናናግራት አንችልም።