የጥበቡ አቀንጭራና የኖርዌይ ድንች

ጥበቡ ለሁለተኛ ዲግሪ ሊማር መሆኑ ሲሰማ፣ አባቱ አቶ አግማስ ከልጃቸው ይልቅ ለማሽላቸው ነበር ደስ ያላቸው። ቢስቲማ አጠገብ ያለችውን ማሳቸውን አቀንጭራ ወርሶባቸዋል። ይህ አረም እንደ ሌላው አረም ፊት ለፊት አይጣላም። ከመሬት በታች ማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይመጠውና፣ ማሽላው ጫጭቶ ሲቀር እሱ ሐምራዊ አበባውን አንዠርግጎ ብቅ ይላል።

«አባዬ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በዚሁ በአቀንጭራ ላይ ነው» አላቸው ጥበቡ። «ሲያብብ ከነሥሩ ነቅለው ያምጡልኝ፤ ለአስተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ።»

«መድኃኒቱስ ይገኛል?»

«እሱን ለኔ ይተዉት።»

ሽማግሌውም ተዉለት። ጊዜው ሁለት ሺህ ሦስት ግድም፣ በየስብሰባው ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን የሚወራበት ነው። አገር ሊለወጥ በተነሣበት ዘመን አንድ አረም ምን ያህል ያስቸግራል?

ጥበቡ ሰነፍ አልነበረም፤ ይህ ይታወቅለት። ከሥራ እንደወጣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ወደሚገኘው የሸሪፋ ኢንተርኔት ቤት ይሄድና የአቀንጭራን የእንግሊዝኛ ስም ይጽፋል። የጥናቱ ዓይነት ብዛት! ልቡ በደስታ ዘለለ። አንዱን ሲጫነው ግን ዶላር ክፈል ይለዋል፤ ሌላውን ሲጫነው የካርድ ቁጥርህን አስገባ ይለዋል። ጥበቡ ያለው ካርድ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው።

«አብሽር ወንድሜ» አለችው ሸሪፋ፣ ትክዝ ብሎ ስታየው። «የሚከፈት ከፈለግህ ዴስክቶፑ ላይ አለልህ። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚወስደው።»

እውነቷን ነው። ኔትወርኩ እያነከሰ የሚሄድ ስለሆነ፣ በስንት መከራ የወረደ ጽሑፍ አይጠፋም፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ እዚያው ይቀመጣል። ከሁሉም ላይ የተቀመጠው ደግሞ በኖርዌይ የድንች ማሳ ስለሚበቅል አረም የተጻፈ ረጅም ጥናት ነበር። ማን እንዳወረደው አይታወቅም። በነፃ ስለተከፈተ ብቻ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ያለፈ ተማሪ ሁሉ ያንን ኖርዌያዊ ሳይጠቅስ አልተመረቀም። ስለ ጤና የጻፈው ጠቀሰው፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ የጻፈው ጠቀሰው። አልታየች የምትባል ተማሪ ስለ ሰኞ ገበያ ነጋዴዎች ስትጽፍ እንኳ ሁለት ቦታ አስገብታዋለች። ሰውየው በአገሩ ይታወቅ አይታወቅ እንጃ፤ ደሴ ላይ ግን ለምርጫ ቢቀርብ ያሸንፍ ነበር።

ጥበቡ በዚህ ጊዜ አንድ የሚያስመሰግን ነገር አደረገ። ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ በታይፕ የተጻፈ የቆየ ጥናት አገኘ። ርዕሱ በደቡብ ወሎ የማሽላ አቀንጭራ! ባለሙያዎች ክረምት ከበጋ ማሳ ለማሳ ዞረው የሠሩት ነው። ቆሞ አነበበው፤ ምሳውንም ረሳው። ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ፣ እየሮጠ ለአማካሪው ለዶክተር ማቲዎስ ወሰደላቸው።

ዶክተሩ አገላብጠው አዩት። «ሊንኩስ?»

«ሊንክ የለውም ዶክተር። መጽሐፍ ነው።»

«ታዲያ ማንም ሊያገኘው የማይችለውን ጥናት እንዴት ትጠቅሳለህ?»

«ኮምቦልቻ እኮ ነው ያለው። ሚኒባስ ይዞ...»

«ኮምቦልቻ ያለ ነገር እንዴት ይገኛል?» አሉ ዶክተሩ፣ ኖርዌይን ከወንበራቸው ሳይነሡ የሚያገኙት ሰው።

ጥበቡ አልተከራከረም፤ መመረቅ ይፈልጋላ። ርዕሱም ቀስ በቀስ መንሸራተት ጀመረ። «አቀንጭራ» የነበረው «የማሽላ አረም» ሆነ፤ የማሽላ አረም ደግሞ በነፃ አልከፈት ሲል ማሽላው ወጣና «አረም» ቀረ። በመጨረሻ የሚከፈተው ድንች ብቻ ሆኖ ስለተገኘ፣ ጽሑፉ «የድንች አረም ቁጥጥር በደቡብ ወሎ» ተብሎ አረፈው። ለአቀንጭራ ሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተረፈችለት፦ «በአካባቢው ስለ አቀንጭራ የተደረገ ጥናት አልተገኘም።» ይህችን ሲጽፍ የኮምቦልቻው ፎቶ ኮፒ ክርኑ ሥር ነበር። አፈረ። አፈረና ሴቭ አደረገው።

ውጤቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» ሆነ። ጽሑፉም ድረ ገጽ ላይ ወጣ፣ ያውም በነፃ። ሸሪፋ አውርዳ ከኖርዌያዊው ጎን አስቀመጠችው። ከጥበቡ ቀጥሎ የመጣው ተማሪ «ጥናት አልተገኘም» የሚለውን አነበበና «አቀንጭራ በደቡብ ወሎ አሳሳቢ ችግር አይደለም» ብሎ ጻፈ። ጥበቡን ዋቢ አድርጎ፣ ከነገጹ። አረሙ እንዲህ በቀላሉ ከደቡብ ወሎ ጠፋ። ይህ የምሥራች ቢስቲማ ብቻ አልደረሰም።

ምረቃው መስከረም ላይ ሆነ። በሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይሸጣል፤ ቤተሰብ ሁሉ እየገዛ ለልጁ ያስታቅፋል። አቶ አግማስ በዚያ ግርግር መሐል ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንድ ፌስታል እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። ጋዋን የለበሰውን ልጃቸውን ስመው ስመው ሲበቃቸው፣ ከፌስታሉ ውስጥ አፈሩ ያልረገፈ እቅፍ ሐምራዊ አበባ አወጡና ሰጡት።

«ያልከኝን አልረሳሁም። ሥሩ እንዳይበጠስ ብዬ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ነው የቆፈርኩት።»

ጥበቡ አበባውን ዝቅ አድርጎ ያዘው።

«የተፈጥሮ አበባ ነው! ከፍ፣ ከፍ አድርገው!» አለ ፎቶ አንሺው።

ዶክተር ማቲዎስም እንኳን ደስ አለህ ሊሉ ቀረብ ብለው አበባውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «እንዴት ያምራል! አባት፣ ከየት ገዙት?»

«ኧረ አልተገዛም ጌታዬ። እኛ ዘንድ ሞልቷል።»

ዶክተሩ ስቀው፣ ትከሻቸውን ነካ አድርገዋቸው አለፉ። አቶ አግማስ ዶክተሩ እስኪርቁ ጠብቀው ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«አስተማሪህ ናቸው አይደል? አዩት እንግዲህ። ስለ እሱ ምን አሉ?»

ጥበቡ ጋዋኑን የነካውን አፈር አራገፈ። «ያምራል አሉ፣ አባዬ።»

«እሱስ ያምራል» አሉ አቶ አግማስ፣ ባዶውን ፌስታል እያጣጠፉ። «ማሽላው ነው የሌለው።»