የአባቴ የግራ ጫማ

አባቴ ጫማ ሰሪ ነበር። የዳሌው መገጣጠሚያ ተበልቶ ግራ እግሩ በሁለት ጣት ስላጠረበት፣ የግራ ጫማውን ሶል በገዛ እጁ አወፈረው። ሃያ ዓመት እንዲያ እያነከሰ ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ ኳ፣ ዱብ፤ ኳ፣ ዱብ። ያኔ እናቴ ራት ታቀርባለች፣ እኔ ሳጠና የዋልኩ ለመምሰል ደብተሬን እገልጣለሁ፣ በሩም ሳያንኳኳ ይከፈትለታል።

በስተርጅና ሐኪሞች መገጣጠሚያውን አውጥተው በብረት ተኩለት፤ እግሮቹም እኩል ሆኑ። ክራንቹን የጣለ ዕለት ግን ያንኑ አሮጌ ጫማ አጥልቆ ተነሳና አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል ያነክስ ጀመር።

«ይሄ ሐኪም ጉድ ሠራኝ! ደህናውን እግሬን አሳጠረው!» ብሎ ቤቱን ቀወጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ!» አለችው እናቴ።

የሰፈሩን እግር ሁሉ ሲለካ የኖረ ሰው የራሱን ረስቶት! እየተነጫነጨ ትርፉን ሶል በቢላ ገሽልጦ ጣለው። ሕመሙም ለቀቀው፣ አካሄዱም ቀጥ አለ።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄደ። አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ እንጂ! ማን ይሆናል?»

«የኔ ባል እንኳን አያንኳኳም» አለች፣ ሳቋን አፍና።

ከዚያ ደረጃውን ሲወርድ ሰማነው። ጥቂት ቆይቶ ከታች ጀመረ፦ ኳ፣ ዱብ፤ ኳ፣ ዱብ።

እናቴ ጭልፋዋን ጥላ ወደ በሩ ሮጠች።