ሙሉ ዘጠኝ

ኛጉዚ በእኛ በኪኩዩዎች አገር፣ ካራቲና ገበያ ውስጥ ሰልቫጅ ትሸጣለች። ጎረቤቴ ናት፤ አንድን ሰው አንድ ቀን እንዴት እንደምታዋርደው ለዓመታት ስታወራኝ ኖራለች። ሰውየው ዶክተር ኪራጉ ነው። ልጇ ዋማይዛ ከጊዜዋ እጅግ ቀድማ ስትወለድ የአንጎሏን ምስል አይቶ፣ «ለትምህርት ቤት ብለሽ አትድከሚ፤ ይቺ ቁጥር አይገባትም» ብሏት ነበር።

ምስሉ ዋሽቷል ማለት አይደለም። እንደ ዋማይዛ ያሉ ብዙ ሕፃናት ቢሰበሰቡ፣ ስንቶቹ ኋላ ትምህርት እንደሚከብዳቸው ደህና አድርጎ ይገምታል። የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነግርም። የሚያስደንቀኝም ይኼ ነው፤ የሕፃን አንጎል ከተወለደም በኋላ ገና እየተሠራ ነው፣ በወሬ፣ በጨዋታ፣ በመታቀፍ። ኛጉዚ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስራ የምታንጎራጉርላት እንኳ «እደጊና አሳዪልኝ» የሚል ነበር።

ዋማይዛ ለትምህርት ስትደርስ፣ አንደኛ ክፍል ትግባ ወይስ ልዩ ትምህርት ቤት የሚለውን የሚወስነው ፈተና መጣ። ፈታኙ ራሱ ኪራጉ ሆነ። አብሬያቸው ክሊኒኩ ገባሁ።

አሥር ልጆች ያሉበት ሥዕል አሳያት። «ስንት ናቸው?»

«ሙሉ ዘጠኝ» አለች ዋማይዛ።

የኤክስ ምልክት አደረገ። «አየሽ የዋማይዛ እናት፣ ብዬሽ ነበር።»

ኛጉዚ ፈገግ ስትል እኔ ፈራሁ።

«ዳክታሪ፣ የኪኩዩ ሁሉ እናት የሙምቢ ሴት ልጆች ስንት ናቸው?»

«ሙሉ ዘጠኝ። ይኼን የማያውቅ ኪኩዩ አለ?»

«እስቲ በጣትህ ቁጠርልኝ።»

እየሳቀ በየስማቸው ይቆጥር ጀመር። አሥረኛው ጣቱ ላይ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ። እኛ ሰውን አሥር ብለን አንቆጥርም፣ ክፉ ይጠራል፤ አሥር ሲሆኑ ሙሉ ዘጠኝ እንላለን። እሱም ከአያቱ የሰማው ነው። ወረቀት ሲይዝ ግን ረሳው።

ባቄላ አምጥቶ ፊቷ በተነ። ባቄላ ሰው አይደለም፤ ዋማይዛ አሥርን ጠርታ አልፋ ሄደች።

«ይቅርታ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ።

«እዚህ ማን ሰማህ? ደጅ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ተቀምጠዋል። ውጣና ያኔ ያልከኝን ድገምላቸው። ከዚያ ልጄን አሳያቸው።»

«ኧረ ተዪኝ፣ እኅቴ።»

«ያኔ እኅትህ አልነበርኩም።»

ወጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ አንድም ቃል ሳያስቀር ተናገረ። እናቶቹ ዋማይዛን እያዩ ልጆቻቸውን ጠበቅ አደረጉ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አሁንስ በቃሽ?» አልኳት።

«ምን በቃኝ? ገና ማባዛት አለ።»