ሚስቴን ይዞ የሄደው ሃያ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ሞባይል የሚባለው ገና በኛ ሰው እጅ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። ያልረሳሁትም ስላልገባኝ ነው። ቢገባኝ ኖሮ ይሄኔ ትቼው ነበር።

እኔ የማንኪራ ሰው ነኝ። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ ያለ መንደር ነው። ቡና እለቅማለሁ፣ ቀፎ እሰቅላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ልጄ እኔ ልጻፍልህ ብላ ነበር። እሷ ስትጽፍ ታሳምረዋለች፣ ሲያምር ደግሞ ውሸት ይመስላል ብዬ እምቢ አልኳት።

ባለቤቴ ወርቅነሽ ዓይኗን ሞራ ጋረዳት። የቦንጋው ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። ጅማ አድረን ሄድን፤ መርካቶ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ተስፋዬ ተቀበለን። የአንደኛው ዓይን ሞራ ተገፈፈላትና በፋሻ ታሸገ። ፋሻው የሚፈታበትን ቀን ቆርጠው ነገሩን። ሐኪሙ በዚያ ቀን ከሰዓት በፊት እንድትመጡ፣ ካሳለፋችሁት ዓይኑ ሊያመረቅዝ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀን።

የመጀመሪያ ጊዜ የወሰደን ተስፋዬ ነው። ፋሻው በሚፈታበት ቀን ግን ሥራ ገባ። ዘበኛ ነው፣ ተረኛ ነበር። ሃያ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ስታዩ ውረዱ፣ ሐኪም ቤቱ ከጎኑ ነው አለኝ። ታክሲ ብትይዙ ይሻላል፣ ያ መስመር ሰው ይበዛበታል ብሎ ለመነኝ። ሰው ቢበዛ ምን ያደርገኛል፣ ሰው አይበላ፣ አልኩት። እንዲህ ነኝ፣ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ፌርማታው ላይ ስንደርስ ሰው ተሰልፏል። እኛም ከኋላ ቆምን። እኔ በልቤ አመሰገንኳቸው፤ ቦንጋ መናኸሪያ እንዲህ ያለ ሰልፍ የለም። አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ሰልፉ የት እንደገባ እንጃ። ሰልፍ ይዞ የቆመው ሁሉ በአንዴ ወደ ኋላ በር ሮጠ። ሽማግሌ የለ፣ ሕፃን ያዘለች የለ። አውቶቡሱ እኮ ሲመጣም ሞልቶ ነው የመጣው፤ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። በሩ ላይ የተንጠለጠሉት እንደ ንብ መንጋ ናቸው።

እኔ ዓይኗን እንዳይመቷት ክንዴን ዘርግቼ ወርቅነሽን ወደ በሩ ገፋኋት። እግሯ ደረጃው ላይ ወጣ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ በብብቴ ስር ሾልኮ ገባ፣ ሌላው በክርኑ ደረቴን መታኝ፣ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴትዮ መሃላችን ተሰነቀረች። እጇ ከእጄ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ብደበድበውም ማን ይሰማል፤ ጭሱን ፊቴ ላይ ተፍቶ ሄደ።

እንግዲህ ወርቅነሽ አማርኛ አታውቅም። ከአማርኛ የምታውቀው እሺ ማለት ብቻ ነው። ሰው ምንም ቢላት እሺ ትላለች። አንድ ዓይኗ ታሽጓል፣ ሌላው ገና ሞራው አልተነሳለትም፤ ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። ውረጂ ቢሏት እሺ ብላ ትወርዳለች። ነይ ተከተይኝ ያላትን ሁሉ እሺ ብላ ትከተላለች።

እኛ አገር ሁለት ሰው ጫካ ውስጥ ከተለያየ ሕግ አለው። ሁለቱም በያሉበት ይቆማሉ። ሁለቱም ከተንቀሳቀሱ ሲፈላለጉ ይመሻል፤ ስለዚህ አንዱ ይጣራል፣ አንዱ ይመልሳል። እኔም በዚሁ ሕግ ፌርማታው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ አድርሷት ይመለሳል ብዬ ነው። ከቦንጋ ጅማ የሚመላለሰውን አውቶቡስ ሾፌሩን ከነአባቱ ነው የምናውቀው። ሃያ ሰባት የሚባለውም አንድ አውቶቡስ መሰለኝ።

ወዲያው ሃያ ሰባት መጣ። እንዴት ፈጥኖ ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝ። በሰው መሃል ተጋፍቼ ትኬት ቆራጯን ሚስቴን የት አደረሳችኋት አልኳት። ልጅቱ አፈጠጠችብኝ። "የምን ሚስት አባባ? እኛ ገና አሁን ከጋራዥ መውጣታችን ነው" አለች። ቅድም እዚሁ ጭናችኋታል፣ ፋሻ አስራለች እላታለሁ፤ ከኋላዬ ያሉት ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ እያሉ ይጮኻሉ። አንዱ፣ አባባ ሚስት ስትጠፋ በአውቶቡስ ነው እንዴ የምትፈለገው፣ ሌላ ያግቡ ብሎ ሳቀ። እኔም አንተን የምታገባህ ትፈለግ አልኩት። ወረድኩ።

ቀጥሎ ሌላ ሃያ ሰባት መጣ። ሾፌሩ ሌላ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ። አንዱ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ አንዱ አዲስ ነው። ሁሉም ሃያ ሰባት! ሁሉም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መስኮት መስኮቱን እያየሁ ሮጥኩ፤ የማየው ብብት ብቻ ነው፣ ፊት የለም። ጭንቅላቴ ዞረ።

ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከሰልፉ ወጥቶ ምን ሆኑ አባቴ አለኝ። ነገርኩት። ቁጥሩ የመኪናው ስም አይደለም፣ የመንገዱ ስም ነው፣ ብዙ አውቶቡስ ነው የሚሠራበት ብሎ አስረዳኝ። ከከተማው ሁሉ ሰው የሚበዛበት መስመር ይሄ ነው አለ። ፖሊስ ጣቢያ ልውሰድዎት፣ ወይ መጨረሻው ፌርማታ ሄደን እንጠይቅ ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ሥራ ረፍዶበታል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ግን ያዘኝ።

አልሄድም አልኩት። "እኔ ከዚህ ተነስቼ እሷ መጥታ ስታጣኝስ?"

"አባቴ፣ ይሄ እኮ ጫካ አይደለም" አለኝ።

ጫካማ ቢሆን ባልፈራሁ አልኩት። ራሱን ነቅንቆ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተጋፍቶ ገባ። እሱ ሲሄድ ብቻዬን መሆኔ ታወቀኝ። ልክ መሆኔንም እንጃ። አንዴ ልከተለው እነሳለሁ፣ አንዴ እቀመጣለሁ። ሲያዩኝ እብድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የሐኪሙ ሰዓት እያለቀ ነው። ዓይኔ ከሃያ ሰባት ቁጥር ሌላ አያይም።

በዚህ መሃል ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ መርካቶ ከሚመለሰው መኪና በኩል፣ ጥሪ ሰማሁ። "ኡ—ዬ!" ይላል።

ይህ የኛ የማር ቆራጮች ጥሪ ነው። አማርኛም አይደለም፣ ቋንቋችን ካፊኖኖም አይደለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ጫካ ውስጥ የሰው ስም ስለማይጠራ በሱ ነው የምንፈላለገው። ቀና ብዬ አየሁ። ከወዲያ ማዶ የቆመ አውቶቡስ አለ፤ ከፊቱ ጋሪ ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል። ቁጥሩ አርባ አንድ ነው። ሃያ ሰባት አይደለም። ጥሪው ከዚያ ነው የሚመጣው፤ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የጎረምሳ ድምፅ አለ፣ የተማሪ ልጆች ድምፅ አለ፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ኡ—ዬ ይላል።

ከኛ ጫካ ወጥቶ የማያውቅ ጥሪ በጠራራ ፀሐይ አዲስ አበባ መሃል፣ ከማላውቀው ሰው አፍ! ደግሞ ሌላ ሕግ አለን። ድምፁን ያላወቅኸውን ጥሪ አትመልስም። የሚጣራው ሰው ላይሆን ይችላል። አባቴም አያቴም እንዲህ ብለው ነው ያሳደጉኝ። አፌን በጋቢዬ ያዝኩ። አማተብኩ። ጋሪውን አነሱት። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ያን ጊዜ ሰዎቹ ትንፋሽ ሲስቡ በመሃል አንዲት የደከመች፣ የሰለለች ድምፅ ብቻዋን ቀረች። "ኡ—ዬ።"

ያቺን አውቃታለሁ።

እንዴት እንደመለስኩ አላውቅም። ፌርማታው ላይ የነበሩት ሲስቁም አልሰማሁም። እየተጣራሁ በመኪኖቹ መሃል ገባሁ፤ ጡሩምባ ከግራም ከቀኝም ይጮኻል። ከአውቶቡሱ ውስጥ "መለሰ! መለሰ! ሾፌር ያዘው!" ይላሉ። ሾፌሩ ፌርማታ ባልሆነ ቦታ ቆሞ የፊቱን በር ከፈተ። ወርቅነሽን ከውስጥ እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ አወረዷት፤ አንዱ ጫማዋን ከኋላ ወረወረላት። እጇን ያዝኩ። ዞር ስል አውቶቡሱ ሄዷል።

ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ አልገባም ብዬ ወደ ሐኪም ቤቱ በእግር ሄድን፤ መንገዱን እየጠየቅን ነው ያገኘነው። የሆነችውን በመንገድ ነገረችኝ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ሲወርድ እሷ ብረቱን ጨምድዳ ቀረች። ያን ጊዜ እሺ አላለችም። እኛ የተለያየነው እዚህ አውቶቡሱ ላይ ነው፣ ከዚህ አልነቃነቅም ብላ ነው። ትኬት ቆራጯ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻ ከራሷ አጠገብ አስቀመጠቻት። ሌላ ሰው ደግሞ ሞላ። ሲመለሱ እሷ በመስኮት ኡ—ዬ ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ሳቁባት። ፋሻዋን አይተው፣ በምልክትም አስረድታቸው፣ ነገሩ ሲገባቸው አንዱ አብሯት ተጣራ፤ ከዚያ ሌላው። ስንት መንገድ እንዲህ እየተጣሩ እንደመጡ እሷም አታውቅም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሰዓቱ አልፏል። ዘበኛው ነገ ኑ ሲል በር ላይ ተቀመጥኩና አልነሳም አልኩ። በኋላ ራሱ ሐኪሙ ወጥቶ አስገባን። ፋሻው ተፈታ። ዓይኗ ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ አርባ አንድ ቁጥር ላይ እንዳገኘኋት ስነግረው ተስፋዬ፣ አንዱ መስመር ሰው ሲጨናነቅበት ከሌላው አውቶቡስ ያመጡና ቁጥሩን ይቀይሩለታል፣ ያ ነው የሆነው አለኝ። ይሁን። ግን ቁጥሩ የመንገዱ ስም ነው ካሉኝ በኋላ ሰው ሳይወርድ ስሙ ሲቀየር፣ ውስጡ ያለው ሰው የት ሄደ ይባላል? ይህ እስከዛሬ አልገባኝም።

ከዚህ የባሰ ያልገባኝ ግን አለ። ቦንጋ ስወርድ፣ ልጆቻቸውን ወደዚያ ሊልኩ ያሰቡ ሰዎች የአዲስ አበባ ሰው እንዴት ነው፣ ክፉ ነው ወይስ ደግ፣ ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? ጠዋት ዓይኗ የታሰረ አሮጊት ከእጄ መንጭቀው የወሰዱ ሰዎች ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ሥራው የረፈደበት፣ ላቡ የሚንጠፈጠፍ፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው ሁሉ ለማያውቃት ሴት በማያውቀው ጥሪ ጉሮሮውን ሲሰነጥቅ ሰምቻለሁ። የጠዋቶቹ ሌላ፣ የቀትሮቹ ሌላ ናቸው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። አልሆነልኝም። አንድ ቀን ወርቅነሽን ጠየቅኳት።

እሷ ምንም አልተደናገረችም። "ያው ናቸው" አለችኝ። "እግሬን ረግጦኝ ይቅርታ እንኳ ያላለኝ ሰውዬ ነው ከሁሉ አብልጦ ሲጣራልኝ የነበረው።"