ወናፍ እንደ ሳንባ አይተነፍስም

ዛሬ ጠዋት አመድ በላሁ። ትኩስ፣ ከብረት ቀጥቃጭ ምድጃ የወጣ አመድ። ጢሜ ድሮም ነጭ ስለሆነ አላሳጣኝም፤ ጉድ ያደረገኝ እስከ ዛሬ ጥቁር ነው እያልሁ የምኮራበት ቅንድቤ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው ቀጥቃጭ የሄድሁት ዶማዬን ላሠራ ነበር። ከእኔ በፊት አንድ ገበሬ የዶለዶመ ማረሻ ይዞ ቆሟል። ያለው በሬ አንድ ነው፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ የሚያርስበት ተራ ደግሞ ነገ ብቻ። ማረሻው ዛሬ ካልደረሰ ተራው ያልፈዋል። ወናፉን የምትነፋው የቀጥቃጩ ሚስት ግን ወፍጮ ቤት ሄዳለች፤ ገበሬውም ትልቁን መዶሻ ይዞ ብረቱን በመቀጥቀጥ ሊያግዝ ነው፤ ወናፉን የሚይዝ ሰው የለም።

"እኔ አለሁ!" አልሁ።

ለምን አልልም? ፍኖተ ሰላም ሳይንስ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። "ደረታችሁ ወናፍ ነው" ያላልሁት ተማሪ የለም። የጎድን አጥንት ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረት ሲሰፋ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንስና የውጭው አየር ይገባል። ጡንቻው ሲላላ ይወጣል። ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ወናፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

የወናፉን ሁለት የፍየል ቆዳዎች በየእጄ ጨብጬ፣ አፋቸውን ጥርቅም አድርጌ ወደ ላይ ሳብሁ። ሳንባ በአንድ በር አይደል የሚያስገባውም የሚያስወጣውም? ወናፉም በእሳቱ በኩል ስቦ በዚያው የሚተፋ መስሎኛል። ቆዳው አመዱን ከምድጃው ምጎ ተነፋ። ደንግጬ አፉን ከፍቼ ብጫነው ሁሉንም ፊቴ ላይ ዘረገፈው።

"መምህር" አለ ቀጥቃጩ ጉጠቱን እንደያዘ፣ "እሳቱን ነው የሚነፉ፣ ራስዎን?"

ገበሬው አልሳቀም። "አባቴ፣ ይህ ብረት እንዲህ ከቀረ ነገ በጥርሴ ነው የማርስ።"

"ሲያነሡ ይክፈቱት፣ ሲጫኑ ይዝጉት" አለኝ ቀጥቃጩ። "በላይ ገብቶ በታች ነው የሚወጣ።"

ለካ ወናፍ በሩ ሁለት ነው! ግራውን ሳነሣ ቀኙን እየተጫንሁ ያዝሁት። ፍሙ ቀላ፤ ብረቱም ቀላ፤ መዶሻዎቹ ተቀባበሉ። ደስታዬ ልክ አጣ። የደረቴ ወናፍ ግን ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። በትከሻዬ ተነፈስሁ፤ ፀሐይ እንዳገኛት ዶሮ አፌን ከፈትሁ። ብረቱ አንድ ጊዜ ግሎ መቀጥቀጥ ሲቀረው እጄ ዛለ፤ ፍሙም መጥቆር ጀመረ። ገበሬው መዶሻውን አንሥቶ ቀረ።

በዚህ መሐል ሚስቲቱ ዱቄቷን ተሸክማ ደረሰች። አወረደችና በዳሌዋ ገፋ አደረገችኝ።

"ይነሡ ጋሼ፣ ከብረቱ በፊት እርስዎ ይቀዘቅዙብናል።"

እሳቱ ጮኸ። እሷ የወፍጮ ቤቱን ወረፋ እያማች ነው የምትነፋው፤ ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም። ማረሻው ተስሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ ገበሬው እጄን ሳመ፣ የእሷን ትከሻ ሳመ፣ እየሮጠ ሄደ።

ላመሰግናት ብነሣ፣ "ምስጋናውን ይተዉት" አለች። "የእርስዎን ተራ ነፍቻለሁ፤ ወንፈል ነው። ጉልበት በጉልበት ነው የሚመለስ። በርበሬ ይቀነጥሱልኛል።"

ግማሽ ጆንያ ነው። ዶማዬንም ላሠራ ሐሙስ እመጣለሁ ብያታለሁ፤ እስከዚያ ማስነጠስ እለማመዳለሁ።