የአባቴ ጥላ በእኔ እግር

ደብረ ታቦር ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ተማሪዎቼ በቤት ሥራ ስሌታቸው ወደ አንድ ኮከብ የሚጓዝ፣ ብርሃንን የሚቀድም መንኮራኩር ሠርተው አስረከቡኝ። ርቀቱን መሬት ላይ ከቆመው ሰው ይወስዳሉ፤ ጊዜውን ደግሞ መንኮራኩሩ ውስጥ ካለው ሰዓት። ሲያካፍሉት ማንም የማይቀድመው ብርሃን ኋላ ይቀራል። የተጓዡ ሰዓት በእኛ ሲታይ እንደሚዘገይ፣ ለእሱም መንገዱ እንደሚያጥርለት ሦስት ጊዜ አስረዳሁ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። እኔ ደግሞ ስናደድ ጠመኔ እሰብራለሁ።

ኃላፊዬ ሰኞ ገብተው ሊያዩኝ፣ ለውጥ ከሌለም ትምህርቱን ለሌላ መምህር ሊሰጡት ወሰኑ። ትምህርቱን እወደው ስለነበር ፈራሁ።

ዓርብ እብናት መንገድ ላይ ወዳለችው መንደራችን ሄድኩ። ሁዳዴ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ለጾም መፍቻ ስልክ አያምኑም፣ ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ። በዚያ ወር ሰባት እግር ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«ዓይኔ ጫፉን አልለይ አለኝ፤ እስቲ አንች ለኪልኝ» አሉና ግቢው መሐል ቀጥ ብለው ቆሙ።

ተረከዜን ከጣቴ እያገጣጠምኩ ቆጠርኩ፤ ሰባት ሞላ። ምግብ አቀረብኩ። እጃቸውን ታጥበው፣ ጸልየው፣ ሊቆርሱ ሲሉ ቆም አሉ።

«ለመሆኑ በማን እግር ለካሽው?»

«በእኔ ነዋ፣ አባየ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔን ጥላ በአንች እግር? ጾሜን ልታስገድፊኝ ነበር እኮ። አንች የራስሽን ጥላ በራስሽ እግር ለኪ፤ እኔም የራሴን በራሴ።»

የሁለታችንንም ጥላ ጫፍ በጠጠር ምልክት አደረግኩና ለካን። የእሳቸው ጥላ ረጅም ነው፣ እግራቸውም ትልቅ። የእኔ ጥላ አጭር ነው፣ እግሬም የልጅ ጫማ ይበቃዋል። ቁጥሩ ግን ለሁለታችንም ስድስት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነበርና ሽሮው ቀዘቀዘ፤ እኔ ግን ደስታዬ ለከት አጣ። የተማሪዎቼ ስህተት ይኸው ነበር፦ የአንዱን ጥላ በሌላው እግር።

ሰኞ ክፍሉን በሙሉ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። መጀመሪያ የረጅሙን ልጅ ጥላ ሁሉም በየእግሩ ለካ፤ ጭቅጭቅ ሆነ። ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን በራሱ ሲለካ ቁጥሩ ተቀራረበ።

«ተጓዡም የራሱ ሰዓትና የራሱ ሜትር አለው» አልኳቸው። «ጊዜውንም ርቀቱንም ከአንድ ሰው ውሰዱ፤ ያኔ ብርሃንን ማንም ቢለካው ፍጥነቱ ያው ነው።»

ኃላፊዬ ከኋላ ሆነው ጥያቄ ወረወሩ፦ «መንኮራኩሩ ኮከቡ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ተማሪ እጇን አወጣች።

«በማን እግር፣ መምህር?»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ኃላፊዬ ጫማቸውን ዝቅ ብለው አዩ፤ ከዚያ እሳቸውም ጥላቸውን ሊለኩ ተሰለፉ። ትምህርቱን እስከ ዛሬ የማስተምረው እኔ ነኝ።